አፏን ሸፍና የምትስቀው የሊሙ ገነት ልጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ፣ በወልቂጤ በኩል የጊቤን ሸለቆ ወርዳችሁና ወጥታችሁ፣ በጠቅላላው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ጅማ ትደርሳላችሁ። ከአገር ጎብኚው አብዛኛው እዚያው ይቀራል። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያል፤ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይገዛል፤ አንድ ሁለት ኪሎ ቡና አስቋጥሮ ይመለሳል። የዛሬው ወሬዬ ግን ከጅማ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሊሙ ገነት ነው። የሄድኩት ስለ ቡናዋ ልጽፍላችሁ ነበር፤ የተመለስኩት ግን ስለ ድድ የምጽፈው ይዤ ነው። ድድ ስላችሁ አትሳቁብኝ። ደግሞም ብትስቁ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ ሁሉ ስለ ሳቅ ነውና።

ወሩ ኅዳር ነበር። በኅዳር ሊሙ መቃረባችሁን አስቀድሞ የሚነግራችሁ አፍንጫችሁ ነው። የተፈለፈለው የእሸት ቡና ልጣጭ ሲብላላ የሚያወጣው ጠጅ ጠጅ የሚል ሽታ ከየማጠቢያ ጣቢያው እየተነሣ ሚኒባሱ ውስጥ ይገባል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር ተጠልሏል፤ ከዛፉ ጫፍ ደግሞ ጉሬዛ ቁጭ ብሎ ለቃሚዎቹን ቁልቁል ያያል። ይህ አገር ከ200 ዓመት ግድም በፊት የሊሙ እናርያ መንግሥት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1825 እስከ 1861 የገዙት አባ ቦጊቦ በሰቃ ከተማቸው ትልቅ ገበያ ነበራቸው፤ ከሰሜን የሚመጡ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው እያመጡ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ ይባስ ብሎም የሰው ልጅ ገዝተው ይሄዱ ነበር። ዛሬ አገሩ የሚታወቀው በቡናው ነው። ታጥበው ለውጭ ገበያ ከሚቀርቡት የአገራችን ቡናዎች መካከል ሊሙ በስሙ የሚጠራ ነው።

በከተማ የምንኖር ሴቶች ቡናን የምናውቀው ከምጣዱ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ስንት የሴት እጅ እንደሚያልፍ ያየሁት በአንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ቀዩ እሸት ቡና ይፈለፈላል፤ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም በረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ላይ ይሰጣል። በየአልጋው ግራና ቀኝ ሴቶች ተሰልፈው የተሰበረውን፣ የተበሳውን፣ የጠቆረውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚውሉት። እጃቸው ሥራ ላይ ቢሆንም አፋቸው ነፃ ነውና ወሬውና ቀልዱ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሻገራል። እኔ ኦሮምኛው ብዙም አይገባኝም፤ ሳቅ ግን አስተርጓሚ አያሻውም።

አንዲት ልጅ ከሁሉ ተለይታ ታየችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጓደኞቿ ሊስቁ ሲሉ የሷ እጅ ይቀድማል፤ የሻሿን ጫፍ ስባ አፏን ትሸፍንና ከሻሹ በስተጀርባ ትስቃለች። ሳቁ ሲያበቃ ሻሹን ትለቅና ወደ ለቀማዋ ትመለሳለች። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ አየሁ። ፎቶ ላነሣቸው ስል ሌሎቹ ጥርሳቸውን ብልጭ ሲያደርጉ እሷ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ ልክ ለመታወቂያ እንደምትነሣ ሰው ቆመች። ስሟንም የምትሠራበትን ጣቢያም አልጠቅስም። እንዳልጠቅስ ለምናኛለች፤ የቀረውን እንድጽፈው ግን ፈቅዳለች።

ያረፍኩት አንዲት ባልቴት ቤት ነበር። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ኦሮምኛውን ከአማርኛው አስበልጠው ይናገሩታል። እማማ ሲስቁ አፋቸውን አይሸፍኑም። የላይኛው ከንፈራቸው ወደ ላይ ሽሽት ይልና ድዳቸው ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ድዳቸውም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። ተነቅሰውታል።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የተነቀስኩት» አሉኝ። «የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ይለወሳል፤ ከዚያ በመርፌ ጠቅ ጠቅ ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

«ይህን ያህል ካመመዎት ለምን ተነቀሱ እማማ?»

«ድዴ ይታይ ነበራ! የሚታይ ድድ ቀልቶ ምን ይሠራል? ጥርስ ነጭነቱ የሚወጣው በጥቁር ድድ ላይ ነው፣ ልጄ።»

እንግዲህ አስቡት። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ብዙ እናቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱት ሲስቁ እንዲታይላቸው ነው፤ የሚደማ ድድ ያደርቃል ብለው የተነቀሱም አሉ። በሴኔጋልም ሴቶች ድዳቸውን በመርፌ እየወጉ የማጥቆር ልማድ አላቸው። ዛሬ ደግሞ ልጆቻቸው ያንኑ ድድ በሻሽ ይሸፍናሉ፤ ንቅሳታቸውን ለማስጠፋት የጥርስ ሐኪም ደጅ የሚጠኑም ጥቂት አይደሉም። የአንድ ዘመን ጌጥ ለሌላው ዘመን እፍረት ሲሆን ማየት ይገርማል። ለመርፌው ግን አልሟገትለትም። አንድ መርፌ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ይዞ ሊዘዋወር እንደሚችል ዛሬ እናውቃለን።

ልጅቷ ለካስ የእማማ ጎረቤት ኖራለች። ማታ ቡና ሲፈላ መጣች። በአቦሉ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ውድነት አወራን፤ በቶናው ዝም አለች፤ በረካው ሲቀዳ ዓይኗን ከስኒው ሳታነሣ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«እትዬ፣ አዲስ አበባ ድድ ይቆረጣል ይባላል። እውነት ነው?»

በስልክ ማስታወቂያ አይታለች። በአንድ ወገን ሲስቁ ድዳቸው የሚታይ ሴት፣ በሌላው ወገን ያችው ሴት ድዷ ተቀንሶ። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። የሠርግ ፎቶ ይቀመጣልና፣ ልጅ ወልዳ ልጇ ሲያየው ከንፈሯን ገጥማ ወይም አፏን ሸፍና እንዲያገኛት አትፈልግም። በትምህርት ቤት «ድዳም» ያሏት ልጅ አለች፤ ስሟን እስከ ዛሬ አልረሳችም። አዲስ አበባ መሄጃ ግን የላትም። ስለዚህ በገበያ ቀን እየመጣ ጥርስ የሚነቅል አንድ ሰው አነጋግራለች። «በአንድ ቀን ቆርጬ አስተካክልልሻለሁ» ብሏታል። ከቡና ለቀማ ካጠራቀመችው ላይ ቀብድ ሰጥታዋለች።

እማማ ስኒውን አስቀመጡ። «ያ ምላጩን በሱሪው የሚጠርገው?» አሉ።

እኅቶቼ፣ እንዲህ ያለውን ሰው እናንተም ታውቁት ይሆናል። በየገጠሩ የሕፃናትን ተቅማጥና ትኩሳት በጥርስ እያሳበበ ገና ያልበቀለውን ጥርስ ከድድ ውስጥ በስለት የሚያወጣው፣ እንጥልም የሚቆርጠው ይኸው ዓይነት እጅ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልላት የቻልኩት ነገር ቢኖር «ከመቆረጥሽ በፊት ጅማ ሄደሽ የጥርስ ሐኪም ይይሽ፤ እኔም ነገ ተመላሽ ነኝ፤ አብረን እንሂድ» ማለት ብቻ ነበር። ሥራ መቅረት ማለት የቀን ገቢ መቅረት ነውና ለጥቂት ጊዜ አሰበች። ጠዋት ስነሣ ግን ጫማዋን አሳምራ በር ላይ ቆማለች። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ የቆየ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛለች፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የተነሣችው ነው። በፎቶው ላይ ትስቃለች። ጥርሶቿ ረዣዥም ናቸው፤ ድዷ ከላይ እንደ ቀጭን ክር ብቻ ነው የሚታየው። መኪናው ውስጥ ፎቶውንና ፊቷን ባስተያይ ጊዜ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ጅማ ከሕክምና ጋር የቆየ ዝምድና ያላት ከተማ ናት። ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቹ ያቋቋመው ሆስፒታል ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆኗል፤ ዩኒቨርሲቲው የጥርስ ሐኪሞችንም ያሠለጥናል። ስለዚህ በዚህ ረገድ የጅማ ዙሪያ ሰው ከብዙ አካባቢ ሰው ይሻላል። እኛን ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ልጅቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት እጇ ወደ ሻሿ ሲሄድ አይታ፣ «እዚህስ እሱን ተይው» ብላ ፈገግ አለች።

ሐኪሟ በመጀመሪያ የነገረችን ይህን ነው። ስንስቅ ከላይኛው ጥርስ በላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ድድ ቢታይ ማንም ልብ አይለውም። በዛ የሚባለው ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ነው፤ ይኸውም የአንዲት የቡና ፍሬ ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል፤ የሴት የላይኛው ከንፈር በጥቂቱ አጠር ስለሚል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ከንፈር ዝቅ ስለሚል በራሱ ይቀንሳል። በሽታ አይደለም። ጤነኛ ድድ ያላት፣ ሳቋም ያላሳፈራት ሴት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዳት ምንም ነገር የለም። (እማማን አሰብኩ።) ያሳፈራትና መፍትሔ የምትሻ እንደሆነ ግን መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ድዱ የታየበት ምክንያት ነው። ምክንያቱ አራት አምስት ዓይነት ነው፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው።

ከዚያም ትንሽ መለኪያ አውጥታ የፊት ጥርሷን ለካች። የአዋቂ ሰው የላይኛው የፊት ጥርስ ከጫፉ እስከ ድዱ ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የዚህች ልጅ 7 እንኳ አልሞላም። ጥርሱ አጭር ሆኖ ሳይሆን ድዱ ወርዶ ስለሸፈነው ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ድድ እንደ ትንንሽ ፍሬ አብጦ ወጥቷል። ልጅቷ የያዘችውን ፎቶ አሳየቻት። ሐኪሟ ፎቶውን አየች፣ መልሳ አፏን አየች፣ ከዚያም መለኪያውን አስቀመጠችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

«በየቀኑ የምትወስጂው ክኒን አለ?»

ልጅቷ ዝም አለች። እኔን አየችኝ። ነገሩ ገባኝና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሷ ጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ማሳ ውስጥ ወድቃለች፤ ከዚያም ደጋግሟታል። የሚጥል በሽታ ነው ተብላ ፌኒቶይን የሚባል ክኒን ታዞላት ስትወስድ ኖራለች። መውደቁ ከተዋት ሁለት ዓመት አልፎታል። የሚያውቁት እናቷና ታላቅ እኅቷ ብቻ ናቸው። እጮኛዋ አያውቅም። መድኃኒቱን ሲሰጧት ስለ ድድ የነገራት ሰው አልነበረም።

ይህ ክኒን ከሚወስዱት ሰዎች በግማሽ ያህሉ ላይ ድድ ያሳድጋል፤ በተለይም የፊቱን። አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች፣ ለምሳሌ ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን፣ እንዲሁም ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን ይህንኑ ያደርጋሉ። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ካለ ድዱ ይበልጥ ያብጣል፤ ሲያብጥ ለመቦረሽ ያስቸግራል፤ ባልተቦረሸ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ አንባቢዎቼም ድዳችሁ ቀልቶና አብጦ ቢደማ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይመለሳል፤ ጥርሳችሁን ግን ስለደማ ብላችሁ መቦረሽ አታቋርጡ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። «እንግዲያው ቀላል ነው፤ ክኒኑን ከዛሬ ጀምሬ እተወዋለሁ!» አለች።

ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሣች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዝግ ብላ ስትናገር የነበረችው ሴት ድምጿ ተለወጠ። የሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳያቋርጥ እየደጋገመ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። «በድድሽ ሞተሽ አታውቂም፤ በዚህ ግን ትሞቻለሽ» አለቻት። ክኒኑ ሊለወጥ ይችላል፤ የሚለውጠው ግን ያዘዘው ሐኪም ነው፤ እሱም አንዱን ቀስ እያለ እየቀነሰ ሌላውን ቀስ እያለ እየጨመረ ነው። ደብዳቤ ጻፈችላት። በደብዳቤው ላይ ልትጋባ መሆኗንም አሰፈረች፤ ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች መካከል በማኅፀን ያለን ልጅ የሚጎዱ ስላሉ፣ ፌኒቶይን ራሱም ከእነዚህ የማይቆጠር አይደለምና፣ ልትወልድ የምትችል ሴት ክኒኗ ከእርግዝና በፊት መታየት አለበት። ፌኒቶይን የወሊድ መከላከያ እንክብልን ኃይል እንደሚያዳክምም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ይህንን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

ስለ ቆረጣው ደግሞ ጠየቅኋት። ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ፤ እኔም እንደገባኝ ላካፍላችሁ።

ድዱ ብቻ ያደገ እንደሆነ፣ ሥራው ቀላል ነው። የማደንዘዣ መርፌ ይወጋና ትርፉ ድድ በስለት ወይም በጨረር ይቀረጻል። በዚያው ዕለት ወደ ቤት ይኬዳል፤ ቁስሉ በአንድ ሁለት ሳምንት ይሽራል። ነገር ግን መድኃኒቱ ካልተለወጠና ጥርሱ ካልጸዳ ድዱ ተመልሶ ያድጋል። ገበያ የሚመጣው ሰውዬ ቢቆርጣትም ኖሮ፣ ደሟን አፍስሶ ገንዘቧን ይቀበልና ከወራት በኋላ እዚያው በነበረችበት ትገኝ ነበር።

ሌላው ዓይነት ከልጅነት የሚመጣ ነው። ጥርስ ሲበቅል ድዱ እንደሚገባው ወደ ኋላ ሳይሸሽ በጥርሱ ላይ ይቀራል፤ ጥርሶቹ ድንክ መስለው ይታያሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ድድ ምንጊዜም አጥንትን ተከትሎ ነው የሚቀመጠው፤ በድዱ ጠርዝና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት እንዲኖር ይፈልጋል። አጥንቱ ለጥርሱ ጠርዝ የቀረበ ከሆነ ድዱን ብቻ መቁረጥ ዋጋ የለውም፤ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ድዱን ገልጦ ከአጥንቱም በጥቂቱ ይሞርድና መልሶ ይሰፋዋል። «ጥርስ ማስረዘም» ይሉታል፤ ጥርሱ ግን አይረዝምም፤ ተሸፍኖ የነበረው ይገለጣል እንጂ። ድዱ በቦታው እስኪረጋ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ከልክ በላይ የተወሰደ እንደሆነ የጥርሱ ሥር ይጋለጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ያንዘፈዝፋል፤ የተቆረጠውንም መመለስ አስቸጋሪ ነው።

አንዳንዷ ደግሞ ጥርሷም ድዷም ደህና ነው፤ ከንፈሯ ነው እንደ መጋረጃ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው። ለዚህ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሩቢንስታይንና ኮስቲያኖቭስኪ የተባሉ የአርጀንቲና ሐኪሞች አንድ ዘዴ ጽፈዋል። ከከንፈሩ ውስጠኛ ወገን ቀጭን ቆዳ ተቆርጦ ይወጣና ከንፈሩ ዝቅ ብሎ ይሰፋል፤ በዚህም ሲስቁ እንደ ቀድሞው ወደ ላይ አይሸሽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት የተወጠረ ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ከንፈሩ በከፊል ወደ ነበረበት የመመለስ ልማድ አለው። ለዚሁ ችግር ቦቶክስ የሚባል መርፌም አለ። በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማሪዮ ፖሎ የተባለ የፖርቶ ሪኮ ሐኪም በድድ የሚበዛበት ሳቅ ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳትሟል። ከንፈሩን የሚስበውን ጡንቻ ያላላዋል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይሠራል፤ ከዚያ እንደገና መወጋት፣ እንደገና መክፈል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት አትወጋውም። እንደ እኔ ሐሳብ ለደሞዝተኛ የሚሆን ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ከባዱ ነው። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ራሱ ወደ ታች የረዘመ እንደሆነ ድድ ቢቆርጡ ከንፈር ቢሰፉ መፍትሔ አይሆንም። ሬኔ ለ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1901 የፊት አጥንት በየት በየት መስመር እንደሚሰበር በሬሳ ላይ መርምሮ ጽፎ ነበር። የዛሬ ቀዶ ሐኪሞች ከእነዚያ መስመሮች አንዱን ተከትለው መንጋጋውን ከላይ ይለያሉ፤ የሚበዛውን አጥንት ያወጣሉ፤ ከዚያም ወደ ላይ ከፍ አድርገው በትንንሽ የብረት ሳህንና ብሎን ያስሩታል። ሙሉ ማደንዘዣ ይጠይቃል፤ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ከንፈርና ጉንጭ ለጊዜው፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል። ለሳምንታት ምግቡ አጥሚትና ሾርባ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዓመትና ከዚያ በላይ የጥርስ ሽቦ መልበስ ያስፈልጋል። የፊት አጥንቷ ማደጉን ያላቆመች ልጅ አይደረግላትም። ስለዚህ የአሥራ አራት ዓመት ልጆቻችሁን ይዛችሁ «ይቆረጥላት» የምትሉ እናቶች ታገሡ፤ በዚያ ዕድሜ ድዱም ገና ወደ ኋላ እየሸሸ ነው።

ለእኛ ልጅ ከነዚህ ሁሉ ያስፈለጋት የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ አይደለም። ያን ዕለት ሐኪሟ በጥርሷ ላይ የተጋገረውን ሁሉ አጸዳችላት። ለስላሳ ብሩሽ እንዴት ከድዱ ወደ ጥርሱ እንደሚያዝ በመስታወት እያሳየች አስተማረቻት። መፋቂያ የለመደች ልጅ ናት፤ «መፋቂያውንም አልከለክልሽም፤ ጫፉ ግን ታኝኮ እንደ ጭራ ይለስልስ፤ ድድሽን አትውጊበት» አለቻት። ክኒኑ ከተለወጠ ድዱ በወራት ውስጥ በራሱ ሊቀንስ ይችላል። የቀረው ካለ ያን ጊዜ ይቆረጣል።

«ለጥር ግን አይደርስም?» አለች ልጅቷ።

«ለጥር አይደርስም» አለቻት ሐኪሟ። አላባበለቻትም።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ብዙም አላወራንም። ድዱን ትተን ሌላው ነገር ነበር የከበዳት። ክኒኑን ለማስለወጥ ለወራት ሐኪም ዘንድ መመላለስ አለባት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከእጮኛዋ መሸሸግ አይቻልም። የሚጥል በሽታን በክብሪትና በብረት የሚያባርሩ፣ የወደቀ ሰው መንካት ያስይዛል ብለው የሚሸሹ ሰዎች ባሉበት አገር ይህን ለአንድ ወንድ መንገር ቀላል አይደለም። ምን እንደምመክራት ጠፋኝ። እሷም ምክር አልጠየቀችኝም። ሚኒባሱ መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ከፎቶዋ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በየካቲት ደወለችልኝ። ለእጮኛዋ ነግራዋለች። አራት ቀን ድምፁን አጥፍቶ ከርሞ በአምስተኛው ቀን ከእናቱ ጋር መጥቷል። ሠርጉ ለሚያዝያ ተዛውሯል። ክኒኑ እየተለወጠ ነው፤ እስካሁን አልወደቀችም። የፊት ጥርሷ አሁን 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ሆኗል፤ ራሷ ነች የነገረችኝ፤ ሐኪሟ በየቀጠሮው እየለካች ትጽፍላታለች። በመጋቢት ታይታ የቀረውን ትቀረጻለች።

እማማ በስልኩ ውስጥ ከኋላ ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል። ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቅሁ። የገበያውን ሰውዬ ቀብዱን ሊያስመልሱ እሳቸው ራሳቸው ሄደው ነበር።

«እምቢ አለኝ፤» አሉ ስልኩን ተቀብለው። «‹እርስዎን ልነቅስዎትና ይቻቻል› አይለኝ መሰለሽ! የተነቀስኩ መሆኔን አላየም። አፌን ከፍቼ አሳየሁት።»

ቀብዱን ግን እስካሁን አልመለሰም።